የባዶ መጋዘን ዘበኛ

መጽሐፉን የሰጠኝ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጉምሩኩ በር ላይ ወረፋ ይዞ ሲሰነብት ውሃውንም ብስኩቱንም ከእኔ ሱቅ ነበር የሚገዛው። በመጨረሻ ተራው ደረሰና፣ ወዲያ ማዶ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ነው፣ ወደመጣህበት ተመለስ ተባለ። መኪናውን አዙሮ ሱቄ ፊት ቆመ። ከወንበሩ ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ አውጥቶ ባንኮኒዬ ላይ ጣለው። የጦርነት ልቦለድ ነው፣ ግን ያስቃል አለኝ። እኔ ወረፋ ላይ አይደለሁም፣ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል ስለው፣ ዘወር ብሎ ሰው የሌለበትን ሱቅ አየና፣ "እርስዎማ ከእኔ የባሰ ወረፋ ላይ ነዎት" ብሎኝ ሄደ።

ልክ ነበር። መተማ ዮሐንስ ላይ ሰሊጥ ስገዛና ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ሰው ሐጂ ይለኛል። መካን አላየሁም፤ እዚህ አገር ግን ጺሙ የሸበተና ሚዛኑ የማያጋድል ነጋዴ ሐጂ ይባላል፤ ሁለተኛውን የሚያጣራ ደግሞ የለም። ድሮ ጧት የድንበሩን ድልድይ በእግሬ ተሻግሬ ሱዳን፣ ገላባት ላይ ፉል እበላና ፀሐዩ ሳይከር ተመልሼ ሱቄን እከፍት ነበር። ያ ቀረ። ቀጥሎ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላውን ሰሞን የሚዘጋ ሆነ። ተኩስ ተሰማ፣ መኪና ቆመ፣ ሰው ታገተ ሲባል ሚስቴ ሴቶች ልጆቻችንን ይዛ ጎንደር ወጣች። አንተስ ስትለኝ፣ ሰሊጡን ልጨርስና አልኳት። መጋዘኑ ውስጥ አንድ ጆንያ ሰሊጥ አልነበረም። እሷም ታውቃለች።

ግቢያችን ውስጥ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አንገረብ አለ፤ ያ በገመድ የሚጠለፈው የቆላ አልጋ። ሰው ካልተኛበት ገመዱ ይደርቅና ይበጣጠሳል። ስለዚህ ዛሬ በትልቋ፣ ነገ በትንሿ እያልኩ በየተራ እተኛባቸዋለሁ። ጎረቤት ይህን አየና ሐጂ አልጋ ማማረጥ ጀመሩ ብሎ አወራ። ማማረጥ ቢሆንማ ምን ከፋኝ።

ልቦለዱ ስለ አንድ የመጋዘን ዘበኛ ነው። ሁለት ጦር ይዋጋል። አንደኛው ጦር አንድ የስንቅ መጋዘን ይይዝና፣ ስንቁን በሙሉ ጭኖ፣ ባዶውን ቤት እንዲጠብቅ አንድ ወታደር አቁሞ ያልፋል። ሰውዬው በየሳምንቱ "እስካሁን የጠፋ ንብረት የለም" እያለ ሪፖርት ይልካል። አልዋሸም፤ ከባዶ ቤት ምን ይጠፋል። አለቆቹ በታማኝነቱ ተደስተው ኒሻን ይልኩለታል። ጠላት መጋዘኑን ማረክሁ ብሎ በሬዲዮ ያውጃል፤ ጄኔራሉ አስመለስሁ ብሎ ያውጃል፤ ዘበኛው ግን የሁለቱንም ጫማ አላየም። መቼ ትመለሳለህ ብሎ መንገደኛ ሲጠይቀው፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ይላል። ወደ መጨረሻው ገደማ ሚስቱ ከሩቅ አገር በእግሯ መጥታ በሩን ታንኳኳለች። የይለፍ ቃል ይጠይቃታል። አታውቅም። ይመልሳታል። ደራሲው እዚያ ላይ በጣም ነው የቀለደው፤ እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ መጽሐፉን ከደንሁና ሱቁንም ዘጋሁ። ገና ቀትር ነበር።

ብቻውን የሳቀ ሰው ሳቁን የሚያካፍለው ይፈልጋል። ሳሙና ሊገዛ ለመጣው ሁሉ ስለ ዘበኛው አወራለሁ፤ ሰውም ሳሙናውን ትቶ ወሬውን ይዞ ይሄዳል። ደንበኛዬ የሆነ ካቦ አለ፤ ለሰሊጥ እርሻዎቹ የቀን ሠራተኛ እየለቀመ የሚወስድ፣ ድምፁ ከትራክተር በላይ የሚሰማ ሰው። አንድ ቀን ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ሐጂ፣ ባዶ መጋዘን እንደሁ አለዎት፤ ለምን በዓይናችን አያሳዩንም?" አለ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋ ያለውን ቀልድ አውቀዋለሁ።

ዋጋው ሚስቴ ነበረች። በስልክ በተገናኘን ቁጥር ዝጋና ና ትለኛለች፤ እኔም ሰሊጡን ሰበብ አደርጋለሁ። ሆዴ ያለውን አውጥቼ መናገር አልለመድኩም። ለገዢ ሰሊጤ ጥሩ ነው ብዬ አላውቅም፤ እፍኝ ሙሉ መዳፉ ላይ አደርግለታለሁ፣ እሱ ራሱ ይናገራል። ለእሷም እንደዚያው ላደርግ አሰብኩ። ትምጣና ሞኙን ዘበኛ ትየው፤ የተረፈውን እሷ ትጨርሰዋለች። ትያትር ልሠራ ነውና ነይ ብላት፣ "ከተጋባን ጀምሮ ስትተውን አይቼሃለሁ፤ ለዚህ ብዬ ቆላ አልወርድም" አለችኝ። ግን ስልኩን ሳትዘጋ ቀኑ መቼ ነው ብላ ጠየቀች።

መጽሐፍን ወደ መድረክ ማምጣት ሰሊጥ ከማበጠር አይለይም። ድንጋዩን ትለቅማለህ፣ አፈሩን ትነፋለህ፣ ገለባውን ታወጣለህ። ችግሩ፣ ልቦለድ ላይ የሚያስቀው ገለባው ነው። አንዷን የሪፖርት ቀልድ ባወጣሁ ቁጥር ኒሻኑ ትርጉም ያጣል። መጽሐፉ ውስጥ አገር የሚያክል ጦር አለ፤ እኔ ያገኘሁት ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ነው፤ እነሱም ተሳፋሪ ሲመጣ ልምምዱን ጥለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ጦሩን በሙሉ ከበሩ ውጪ አስቀረሁት፤ የሚታየው ዘበኛውና ሾፌሮቹ የሚሠሯቸው መንገደኞች ብቻ፣ የቀረው ወሬ። ዘበኛውን እኔ ልሠራው ሆነ። ለመለማመድ ብዙ አልደከምኩም።

ለፈቃድ ቀበሌ ሄድኩ። የተቀበሉኝ ሰውዬ ጨዋ ናቸው፤ ጦርነቱ የት ነው የሚደረገው ብለው ጠየቁኝ። መጽሐፍ ውስጥ አልኋቸው። የሚያሸንፈው የትኛው ወገን ነው አሉ። ሁለቱም፣ በሬዲዮ፣ አልኋቸው። ከንፈራቸው ትንሽ ፈገግ ካለ በኋላ ተመለሰ። ፈቀዱ፤ ነገር ግን የወታደር ልብስ የለም፣ የእንጨት ጠመንጃ የለም፣ ተኩስ የሚመስል ድምፅ የለም። በዚህ ጊዜ ከሩቅ የሚያይ ሰው ትያትር ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም አሉ። እውነታቸውን ነው። ከጦርነቱ ልቦለድ ጦርነቱን አውጥተው ቀልዱን ብቻ ይዤ እንድወጣ አደረጉኝ። እኔም ጦርነቱን በመንገደኛ አፍ አሳለፍኩት።

"ማን እያሸነፈ ነው?" ይላል ዘበኛው።

"ዛሬ እኛ ነን።"

"እኛ ማን ነን?"

"እሱን ገና አልነገሩንም።"

ካቦው ጄኔራሉንም መድረክ ላይ አውጣው፣ እኔ ልሥራው ብሎ ለመነኝ። ቃል ማጥናት ግን አልሆነለትም፤ መጽሐፉ ውስጥ ጄኔራሉ ወታደር ሲመለምል ረዥም ንግግር ያደርጋል፣ እሷን ሰባት ቀን ቢያነበንባት አልያዛትም። መጨረሻ ላይ፣ ሐጂ፣ እኔ ሰው መሰብሰብ አውቅበታለሁ፣ እንደማውቀው ልጣራ አለኝ። ሞከረው። ባርኔጣውን፣ ጥቁር መነጽሩን፣ የዘወትር ዱላውን ይዞ መድረኩ ላይ ወጥቶ ሲጣራ መጋዘኑ ተንቀጠቀጠ። የወታደር ልብስ እንኳ አላስፈለገም። ተደሰትኩ። እዚህ ቆላ የምንኖር ሁላችን የምናውቀውን ነገር በዚያች ሰዓት እኔ ብቻ ረሳሁት።

የምናውቀው ይህ ነው። በእኛ አገር የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከጎጃምና ከወሎ የወረደው ሠራተኛ ጨርቁንና ማጭዱን ይዞ መንገድ ዳር ይቀመጣል። ካቦ ይመጣና ቆሞ ይጣራል። ፈጥኖ የተነሳ ተቀጠረ፤ የት ነው፣ ስንት ነው እያለ ያመነታ ተቀምጦ ዋለ። ጆሮው ሳይሰማ እግሩ የሚነሳ ሰው ነው ሥራ የሚያገኝ።

የዘበኛውን ሚስት የምትሠራ ሴት ጠፋች። ባል ያላት ባሏን ትፈራለች፣ የሌላት አፍ ትፈራለች። በመጨረሻ እሺ ያለችኝ ሱቄ ፊት ለፊት ከዛፍ ሥር ሻይ የምታፈላ ሱዳናዊት ናት። ጦርነቱን ሸሽታ በድልድዩ የመጣች ናት፤ አማርኛዋን ከሾፌሮች ለቃቅማ ነው የተማረችው፣ ስለዚህ ስድቡ ላይ ጎበዝ ናት፤ እኔን ግን በአረብኛዋ ያ ሐጅ፣ ሐጂ ሆይ፣ ትለኛለች። ታሪኩን ነገርኳት፤ ትመጫለሽ፣ ታንኳኪያለሽ፣ እመልስሻለሁ። የሻይ ብርጭቆዎቿን እያለቀለቀች እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አልሠራም አለች። ለምን ብላት፣ ባሏ ካርቱም ላይ ሱቁን እጠብቃለሁ ብሎ መቅረቱን ነገረችኝ። ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ልቧ እምቢ ብሏት ተመልሳ በሩን አንኳክታ ነበር። ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ አላት ከውስጥ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

"ያ ሐጅ፣ እኔ ከበር ላይ ድጋሚ አልመለስም" አለችኝ። "አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ። ሰውዬህ ከፍቶ ይውጣ፣ ያኔ እሠራልሃለሁ።"

መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም ልላት ነበር። አላልኩም። ቤቴ ሄጄ መጨረሻውን ለወጥሁት። ሚስትየዋ ታንኳኳለች፤ ዘበኛው የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ አላውቅም ትላለች፤ እኔም ረስቼዋለሁ ብሎ በሩን ከፍቶ ቁልፉን እጇ ላይ ያኖርላታል፤ እሷ ትዘጋለች፣ አብረው ይሄዳሉ። ሲነበብ ቀልዱ ቀንሷል። ግን ጎንደር ካለችው ሴት ፊት ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንዲያየው ብዬ አናጢ ዘንድ ሄጄ የክንድ ያህል የእንጨት ቁልፍ አሠራሁ።

ቀኑ ደረሰ፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጡ ለአጨዳ ሲቃረብ ነበር። ከሰዓት እላፊው በፊት ሰው ቤቱ እንዲገባ ብለን ከቀትር በኋላ አደረግነው። ጆንያ የምንደረድርበትን የእንጨት ርብራብ ገጣጥመን መድረክ ሠራን። ሚስቴና ልጆቼ በጧቱ መኪና ተሳፍረናል ብለው ስለደወሉ ፍየል አሳረድሁ፤ ድስቱ በመጋዘኑ የኋላ በር ተጥዶ ነበር። ከፊት አንድ የተለየ ወንበር አስቀመጥሁ።

ሰዉ እየገባ ሳለ ስልኬ ጠራ። "መንገዱ ተዘግቷል፤ አይከል ላይ መለሱን" አለች ሚስቴ።

ሁሉንም ነው ወይ አልኋት። ሁሉንም አለች፤ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ መኪናው ወደ ጎንደር ዞሯል። ፍየል አሳርጄ ነበር አልኋት፤ ከሚባለው ሁሉ ይህቺን መረጥሁ። "በል ሰው ጠርተህ አትቁም፤ ሥራህን ሥራ" አለችኝ። ስመለስ ለእሷ ባስቀመጥሁት ወንበር ላይ የቀበሌው ሰውዬ ተቀምጠዋል። ወንበሩስ ምን አጠፋ፣ ለመቀመጫ የተሠራ ነው።

ጀመርን። መጋዘኑ ሙሉ ነበር፤ ከኋላ በኩል መንገድ ዳር ሥራ ጠብቀው ያጡ የቀን ሠራተኞች ጥላ ፍለጋ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በዚያ ሰሞን በመንገዱ ምክንያት ብዙ ባለእርሻ ሠራተኛ አላነሳም ነበር። የሪፖርቱ ቀልድ ላይ ሰው ሳቀ። ኒሻኑ ላይ የቀበሌው ሰውዬም ሳቁ። እኛ ማን ነን የሚለው ላይ ሰዉ መጀመሪያ እርስ በርሱ ተያየ፣ ከዚያ ከመሃል አንዱ በሳቅ ሲፈነዳ ሁሉም ተከተለ። መድረክ ላይ ብቻዬን ቆሜ ያን ሳቅ ስሰማ፣ ዓይኔ እዚያች ወንበር ላይ እየሄደ አስቸገረኝ።

ቀጥሎ ጄኔራሉ ገባ። ባርኔጣው፣ መነጽሩ፣ ዱላው። እግሩን አንፈራጥጦ ቆመና እንደለመደው ጮኸ፤ ጉልበት ያለው ይነሳ፣ ምሳ በእኛ፣ ውሃ በእኛ፣ ማደሪያ በእኛ፣ መኪናው ቆሞ ነው።

ከኋላ ያለው ግድግዳ የተነሳ መሰለኝ። ሠራተኞቹ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ እየጣሉ፣ ማጭዳቸውን በብብታቸው እያደረጉ፣ በሰው ላይ እየተረማመዱ መጡ። ሰዉ የትያትሩ ክፍል መስሎት ጨበጨበ። ካቦው መሳቅ ሲገባው ልማዱ ቀደመው፤ በዱላው ጫፍ አንተ፣ አንተ፣ አንተ ደግሞ ከዚህ፣ እያለ ይመርጥ ጀመር። ያልተመረጠው ይገፋል፣ የተመረጠው መድረኬ ላይ ይወጣል። ርብራቡ ተንቋቋ። ሁለቱ የባጃጅ ሾፌሮች ጦር ሠራዊት ሲመጣላቸው ደንግጠው ወረዱ።

እጄን አንስቼ ትያትር ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ሥራ የለም አልሁ። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ከፊት የነበሩ አንድ ጠና ያሉ ሠራተኛ፣ በአነጋገራቸው የጎጃም ሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ።

"ጨዋታ መሆኑንስ ጠርጥረን ነበር፣ ጌታው" አሉኝ። "ሽታው ግን የእውነት ነው።"

የፍየሉ ወጥ በኋላ በር እየገባ መጋዘኑን ሞልቶት ነበር። እኔ ሐዘኔን ይዤ ስቆም አላሸተትኩትም። አሁን መላው ሕዝብ ዞሮ አየኝ። ምሳ በእኛ የተባለው በእኔ መጋዘን፣ በእኔ መድረክ፣ እኔ ባለሁበት ነው፤ ነጋዴ ሰው ፊት የተባለ ቃል ሲጠፋበት ሱቁ ይጠፋበታል። ድስቱ ይግባ አልሁ። ለልጆቼ ያስጋገርኩት እንጀራ ከነመሶቡ መጣ። መድረኩ ላይ ክብ ሠርተው በሉ፤ ሰዉም ተመለከታቸው። በዚያን ቀን ከሠራነው ትዕይንት ሁሉ ሰው እንደዚያ ጸጥ ብሎ ያየው የለም።

ሻይ የምታፈላዋ ሱዳናዊት ይህን ሁሉ አላየችም። ከሩቅ የምትመጣዋ ሚስት ናትና ጥቅሏን ታቅፋ ከፊተኛው በር ውጪ ፀሐይ ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ቆይታለች። ለማንም ትዝ አላለችም። ቢጨንቃት በበሩ ቀዳዳ አየችና፣ "ያ ሐጅ፣ እዚህ ነኝ፤ ላንኳኳ?" ስትል የቀበሌው ሰውዬ ተነስተው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ሰው ወደየቤቱ ገባ። የእንጨት ቁልፉ ከርብራቡ ሥር ወድቆ አገኘሁት።

ማደሪያ በእኛ ስለተባለ ሠራተኞቹ መጋዘኑ ውስጥ አደሩ። ጧት ሚስቴ ደወለች። እንዴት አለቀ አለችኝ። አላለቀም አልኋት፤ የሆነውን ስነግራት ሳቀች። ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ አራቅ አድርጌ ሰማኋት፤ ሳቋን ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነው።

"ቀጠርካቸው?" አለች።

"አበላኋቸው።"

"አሁን የት ናቸው?"

"መጋዘኑ ውስጥ።"

ከዚያ፣ ሳትቆጣ፣ "እንግዲያው አሁንም መዝጋት አትችልም" አለች።

ያኔ ነበር ስለ መጨረሻው ልነግራት የሚገባኝ። ቁልፉን ልሰጥሽ ነበር ማለት ብቻ ነው፤ አጭር ነው። እኔ ግን፣ ዘንድሮ ሰሊጡ ጥሩ ይመስላል አልኋት። አዎ፣ ይመስላል አለች።

በማግሥቱ ካቦው አፍሮም ይሁን አዝኖ ኮኪት አካባቢ እርሻ ፈልጎ ሠራተኞቹን ወሰዳቸው። የጎጃሙ ሰውዬ ሲሰናበቱኝ፣ እንደርስዎ ያለ ጄኔራል ይስጠን አሉኝ። መጋዘኑ እንደገና ባዶ ሆነ፤ ትንሽ የወጥ ሽታ ብቻ ቀረበት።

ሱዳናዊቷ ግን አልተወችኝም። ሱቄን ስከፍት ከዛፉ ሥር ሆና፣ "ያ ሐጅ፣ እኔ እስካሁን በር ላይ ነኝ" ትለኛለች። በየጧቱ። ለሾፌሮቹ ምን ማለቷ እንደሆነ አትነግራቸውም። አንድ ቀን ገበያ የለም፣ የሚጠብቅ መኪናም አንድ ብቻ ነው፣ የእንጨት ቁልፉን ከመደርደሪያው አውርጄ ተሻግሬ ሄድኩ። የሱቁን በር እንደምታንኳኳ ሁሉ የሻይ ጠረጴዛዋን በጣቷ ኳ ኳ አደረገች። የይለፍ ቃል አልኋት። አላውቅም አለች። እኔም ረስቼዋለሁ አልሁና ቁልፉን እጇ ላይ አኖርኩላት። ከመኪናው የወረደው ሾፌር ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ይህ ነገር ስንት ነው የሚሸጠው ብሎ ጠየቀ።

ቁልፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ድልድዩን አየች። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ።

"ይህ የእኔ አይደለም" አለች። "የሚስትህ ነው። አድርስላት።"

አሁን ሱቁ ውስጥ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል። ሚስቴ ስትደውል ዓይኔ እሱ ላይ ነው። መቼ ትመጣለህ ትለኛለች፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን እላታለሁ። መጽሐፉ ውስጥም ሰውዬው የሚለው ይህንኑ ነበር።